የነዳጅ ግፊት ሲወርድ

አቅራቢ አንድ፦ በካርቡሬተር ይሠራ የነበረ አሮጌ ሞተር ወደ ኢንጀክተር ሲቀየር በአብዛኛው ችላ የሚባለው የነዳጁ መስመር ነው። በሞተሩ ጎን የሚታሰረው ሜካኒካል ፓምፕ ለካርቡሬተር የሚበቃ፣ ከ0.5 ባር እምብዛም የማያልፍ ግፊት ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ነዳጁን አድቅቆ የሚረጨው ኢንጀክተር ግን በተለመደው አሠራር ወደ 3 ባር ስለሚፈልግ፣ ተስማሚ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሳይገጠም ለውጡ ተሟላ ሊባል አይችልም።

አቅራቢ ሁለት፦ ሆኖም ፓምፑ ተገጥሞም ግፊቱ ሲወርድ ወዲያው ሌላ ፓምፕ መግዛት የባለንብረቱን ገንዘብ ያለአግባብ ማባከን ነው። አስቀድሞ ሊለካ የሚገባው ፓምፑ እየሠራ ሳለ በራሱ ጫፎች ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ ነው፤ ቀጭኑ የድሮ ሽቦና የዛገው ማሳ፣ ማለትም ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ መስመር፣ ኃይሉን ስለሚቀንሱት ከባትሪው 13 ቮልት ቢወጣም ፓምፑ ጋ 10 ብቻ ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው በሪሌ የሚታዘዝ ወፍራም ሽቦ ነው።

አቅራቢ አንድ፦ ቀጥሎ የሚመረመረው ትርፉን ነዳጅ ወደ ታንክ የሚመልሰው ግፊት ተቆጣጣሪ ነው። የመመለሻው የጎማ ቱቦ ለአፍታ በጥንቃቄ ሲጨበጥ ግፊቱ ከጨመረ ጥፋቱ የተቆጣጣሪው መሆኑን፣ ካልጨመረ ግን በዝገት የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ መኖሩን ያመለክታል።

አቅራቢ ሁለት፦ ለካርቡሬተር የተሠራ ቱቦ የኢንጀክተሩን ግፊት ስለማይችል፣ በጋለ ሞተር ላይ የሚረጭ ቤንዚንም እሳት ስለሚያስነሳ፣ ባለጋራዦች ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ቱቦና ማሰሪያ ሳይገጥሙ መኪናውን ለባለቤቱ አያስረክቡ።