መንጋጋ ቆልፍና የባክቴሪያው መቀስ



«ስለ ጉንደ ወይን ንገሪን» ስትሉኝ ስለ ጤፉና ስለ ብርዱ የማወራ መስሏችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ የማወራው ስለ መንጋጋ ቆልፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገበሬ በቃሬዛ አመጡልን። እግሩን መጥረቢያ ቆርጦት ነበር፤ ቁስሉ ሊደርቅ ተቃርቧል። አፉ ግን አልከፈት ብሏል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ጀርባው እንደ ደጋን ይለጠጣል። ወንድሙ በሁለተኛው ቀን «ዶክተር፣ መርፌውን ወግተውት የለ? ታዲያ ምነው አልለቀው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። የቴታነስ መርዝ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው፤ ዚንክ የያዘ መቀስ በሉት። በ1992 እ.ኤ.አ. የጣሊያን የፓዱዋ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሲናፕቶብሬቪን የሚባለውን ፕሮቲን አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ያ ሲቆረጥ ጡንቻን «በቃ፣ ልቀቅ» የሚለው ነርቭ መልእክቱን ማውጣት ያቅተዋል። ፀረ መርዙ ገና ነርቭ ያልገባውን ይይዛል እንጂ የገባውን አያወጣም። ስለዚህ ጨለማ ክፍል፣ ዲያዜፓም፣ ዝምታ፤ ለሳምንታት።

የሚገርመው፣ የቦቱሊነም «ቢ» መርዝ ያንኑ ፕሮቲን እዚያችው ቦታ ላይ ይቆርጣል፤ ሕመምተኛው ግን አይገተርም፣ ይዝላል። መቀሱ የገባበት ነርቭ ነው የተለየው። (ተማሪ ሳለን ይህን እንዲህ ቢያስረዱን ኖሮ ፈተናውን ባልፈራነው!)

በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዴቪድ ሊውና የሚን ዶንግ ቡድኖች ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ሥራ አወጡ። ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ አማካይነት የቦቱሊነምን መቀስ ደጋግመው እየለወጡና እየመረጡ፣ በተፈጥሮው የማይነካውን ፒቴን የተባለ ፕሮቲን እንዲቆርጥ አደረጉት። ፒቴን የተጎዳ ነርቭ መልሶ እንዳያድግ ከሚገቱት አንዱ ነው። ገና የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ ቢሆንም መርዝ የነበረው፣ የመረጡለትን ብቻ የሚቆርጥ መሣሪያ ሊሆን ጀምሯል።

ሳነበው ደስም አለኝ፣ ቀናሁም። አገራችን የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ቴታነስ ማስወገዷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል፤ በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ1 በታች ማለት ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ነፍሰ ጡሯን እንከትባለን፤ በባዶ እግሩ እበት የሚረግጠውን ባሏን ግን ማን ጠየቀው?

ሰውዬው ዳነ። መርዙ በጣም ጥቂቱ ስለሚበቃው፣ ታሞ መዳን መከላከያ አይሰጥም። ሲወጣ ክትባቱን ጀመርንለት። ወንድሙም ሳይጠሩት እጅጌውን ጠቅልሎ ከኋላው ተሰለፈ።