የሰላም ሒሳብ፦ የኮንጎው ዘመቻ ወጪ በማን ላይ እንደ ወደቀ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለዲፕሎማቶችና ለጦር መኰንኖች እንጂ ለሒሳብ ባለሙያዎች የሚስማማ አይመስልም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው፣ ለሰላም ጥበቃ ወደ ባዕድ አገር የሚላክ ጦር ዕጣ የሚወሰነው በግዳጁ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሒሳብ መዝገብ ላይም መሆኑ ይገለጥለታል። ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው? ወጪውን የሚከፍለውስ? ሁለቱ የተለያዩ እንደሆነ በመካከሉ የሚፈጠረውን ጕድለት የሚሸፍነው ማን ነው? የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ሳይወሰን የተሰጠ ትእዛዝ፣ ወታደር በላከው አገር ላይ የተጻፈ ዕዳ ነው። ለዚህም ግልጽ ምስክር ሆኖ ያገኘሁት ያገራችን ልጆች የተካፈሉበት፣ ከ1960 እስከ 1964 የተካሄደው የኮንጎ ዘመቻ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ኮንጎ ከቤልጅግ ቅኝ ግዛት የተላቀቀችው ጁን 30 ቀን 1960 ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ጦሩ በአዛዦቹ ላይ ዐመፀ፤ ቤልጅግ ዜጎቼን አድናለሁ በማለት ወታደሮቿን አስገባች፤ በማዕድን የበለጸገው የካታንጋ ክፍለ ሀገርም ጁላይ 11 ቀን መገንጠሉን ዐወጀ። ፕሬዚዳንት ካሳቩቡና ጠቅላይ ሚኒስትር ሉሙምባ ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ጥበቃ ምክር ቤት ጁላይ 14 ቀን ወታደራዊ ርዳታ እንዲላክ ወሰነ። ቱኒዚያ፣ ጋና፣ ሞሮኮና ኢትዮጵያ ጥሪውን ተቀብለው ወታደር ለመላክ ከፈጠኑት መካከል ነበሩ። ጦሩም እያደገ ሄዶ ወደ 20,000 ደረሰ። ውሳኔው ግን ጦሩ እንዲላክ እንጂ በማን ገንዘብ እንዲላክ አንድ ቃል አልተናገረም። ያገራችን ሽማግሌዎች ዘመቻ ከመታወጁ በፊት ስንቁ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ ነበር። በኒውዮርክ ግን ዘመቻው ቀደመ፤ የስንቁ ጥያቄ በኋላ መጣ።

በመጀመሪያ የትጥቁንና የመጓጓዣውን ነገር እንመልከት። ድርጅቱ የራሱ ጦር አልነበረውም፤ ጦሩን የሚያጓጕዝበት አየር ኃይልም አልነበረውም። አብዛኛው ጦር ወደ ኮንጎ የተጓዘው በአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ነው። ስለዚህ ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐማርሾልድ እያንዳንዱን ነገር፣ ከጫማ እስከ ሬዲዮ፣ ከጭነት መኪና እስከ አውሮፕላን፣ ከመንግሥታት ደጅ እየጠና የሚያገኝ ሰው ሆነ። ልመናው ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደሚከተል የሴፕቴምበር 1961 ታሪክ ያስረዳል። በዚያን ወር በካታንጋ ውጊያ ሲነሣ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አንድም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረውም። ተገንጣዮቹ የነበራቸው አንዲት ፉጋ ማጂስተር የምትባል ቀላል የጄት አውሮፕላን ነበረች፤ ይህችው አንዲት አውሮፕላን ሰማዩን ብቻዋን ገዛችው። በጃዶቪል የተከበቡት ከ150 የሚበልጡ የአየርላንድ ወታደሮች ለቀናት ከተከላከሉ በኋላ፣ ጥይታቸውና ውሃቸው አልቆ እጃቸውን ሰጡ።

ኢትዮጵያ የጄት አውሮፕላኖቿን ለመላክ ፈቃደኛ ነበረች። አውሮፕላኖቹ ግን ወደ ኮንጎ ለመድረስ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥር በነበሩት የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች ላይ ማለፍ ነበረባቸው፤ የበረራ ፈቃዱም ወዲያው አልተገኘም። ፈቃዱ በዘገየበት በዚያው ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን ሌሊት፣ ተኩስ ለማቆም ለመነጋገር ይጓዝ የነበረው ዋና ጸሐፊ አውሮፕላኑ በንዶላ አጠገብ ወድቆ ሞተ። የኢትዮጵያ፣ የስዊድንና የህንድ ተዋጊ አውሮፕላኖች ኮንጎ የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ መሣሪያ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ በጊዜው እንዲደርስ የሚያደርገው ፊርማም የትጥቁ ክፍል እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበ ሆኖ እናገኘዋለን። ዘመቻው በወር ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ ይህም በዓመት ሲደመር ከድርጅቱ መደበኛ በጀት ይበልጥ ነበር። ጠቅላላ ጉባዔው ወጪውን በአባል አገሮች ላይ እንደ መዋጮ ደለደለ። የሶቪየት ኅብረት ግን፣ ስለ ጦር ጉዳይ የሚወስነው የጸጥታ ጥበቃ ምክር ቤት ብቻ ነው፤ ከዚህም በላይ ወጪውን መክፈል የሚገባው ወረራ የፈጸመው ወገን ነው በማለት አልከፍልም አለች። ፈረንሳይም በበኩሏ ጠቅላላ ጉባዔው ባልተስማማሁበት ነገር ሊያስገድደኝ አይችልም ብላ እምቢ አለች። ሁለቱም በምክር ቤቱ ቋሚ መቀመጫና ውሳኔን የመሻር ሥልጣን ነበራቸው። ሆኖም ዘመቻውን በዚህ ሥልጣን ከማስቆም ይልቅ መዋጮውን መከልከልን መረጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ገንዘብን መከልከል ድምፅ ሳይሰጡ የመቃወሚያ መንገድ ሆነ።

አዲሱ ዋና ጸሐፊ ኡ ታንት ድርጅቱን ከኪሳራ ለማዳን የተጠቀመበት ዘዴ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ጠቅላላ ጉባዔው በዲሴምበር 1961 የ200 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ወለዱ 2 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 25 ዓመት ሆነ። የዘዴው ብልኀት ያለው በመክፈያው ላይ ነው። ብድሩ የሚመለሰው ከመደበኛው በጀት በመሆኑ፣ ለኮንጎ አልከፍልም ያለ መንግሥት መደበኛ መዋጮውን ሲከፍል ሳይወድ የዕዳው ተካፋይ ይሆናል ማለት ነው። ብልኀቱ ጊዜ ገዛ፤ ክርክሩን ግን አላቆመም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተመራ። ፍርድ ቤቱ ጁላይ 20 ቀን 1962 በ9 ድምፅ በ5 ተቃውሞ፣ የኮንጎና ከዚያ በፊት በሲና የተሰማራው ጦር ወጪዎች የድርጅቱ ወጪዎች ናቸው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። ሕጉ ግልጽ ሆነ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። በቻርተሩ አንቀጽ 19 መሠረት የሁለት ዓመት መዋጮ ያህል ውዝፍ ያለበት አገር በጠቅላላ ጉባዔው ድምፅ የመስጠት መብቱን ያጣል። ይህ አንቀጽ በኃያል መንግሥት ላይ ይሠራበታልን? የ1964ቱ ጉባዔ ይህን ጥያቄ በመፍራት፣ ከአንድ የሥነ ሥርዓት ነገር በቀር፣ ድምፅ ሳይሰጥ በስምምነት ብቻ እየሠራ ተበተነ። በኦገስት 1965 የአሜሪካው መልእክተኛ አርተር ጎልድበርግ መንግሥታቸው አንቀጹ እንዲፈጸም ከእንግዲህ እንደማይገፋ አስታወቁ፤ ሌሎች የተጠቀሙበትን መብት አሜሪካም ለራሷ እንደምትጠብቅ ጨመሩ። ጦሩ ግን ከዚያ በፊት፣ ጁን 30 ቀን 1964፣ ከኮንጎ ወጥቶ ነበር።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤

የዘመቻው ጠቅላላ ወጪ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። በመዝገቡ ሌላ ገጽ ደግሞ በዶላር የማይለካ ወጪ አለ፤ 250 የድርጅቱ ሰዎች በኮንጎ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከ1962 እስከ 1963 ጦሩን በጠቅላላ አዛዥነት የመሩት ኢትዮጵያዊው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። መዋጮውን ለመክፈል እምቢ ያሉት ታላላቆች አንድ ወታደር እንኳ አልላኩም፤ ወታደር የላኩት አብዛኞቹ አገሮች ግን በገንዘብ የታወቁ አልነበሩም። የከለከለው የከለከለው ገንዘብ ነው፤ የላከው የላከው ልጁን ነው።

ዓለም ከዚህ ምንም አልተማረም ማለት አይቻልም። በ1973 ለሲና አዲስ ጦር ሲቋቋም ጠቅላላ ጉባዔው አባል አገሮችን በአራት ክፍል መድቦ፣ አምስቱ ቋሚ አባላት ከወጪው 63 በመቶ በላይ እንዲሸከሙ፣ ድሆች አገሮች ደግሞ ከመደበኛ ድርሻቸው እጅግ ያነሰውን እንዲከፍሉ ደነገገ። ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ከሌላው አብልጦ ይክፈል ማለት ነው። የቆጵሮሱ ጦር ግን ከ1964 እስከ 1993 በበጎ ፈቃድ መዋጮ ብቻ ሲተዳደር ኖሯል፤ በዚህም ጊዜ ጦር የላኩት አገሮች የሚገባቸውን ሳይከፈሉ ለዓመታት ቆይተዋል። ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በድልድል የተወሰነ መዋጮ መብት ነው፤ በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ ደግሞ ምጽዋት ነው።

ጥያቄው ዛሬም በከተማችን በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ፣ በየጊዜው ይነሣል። በሶማሊያ ከ2007 ጀምሮ የተሰማራው የአፍሪካ ጦር አበል ባብዛኛው ከአውሮፓ ኅብረት ይመጣ ነበር፤ በ2016 ኅብረቱ ድርሻውን በ20 በመቶ ሲቀንስ፣ ጕድለቱ በጦር ላኪዎቹ ላይ ወደቀ። በዲሴምበር 2023 የጸጥታ ጥበቃ ምክር ቤት በ2719 ቍጥር ውሳኔው፣ በአፍሪካ ኅብረት የሚመሩ ተልእኮዎች እስከ 75 በመቶ ወጪያቸውን ከአባል አገሮች ድልድል መዋጮ ሊያገኙ እንደሚችሉ ፈቀደ። ይህም የብዙ ዓመታት የዲፕሎማሲ ድካም ፍሬ ነው። ነገር ግን ፈቃዱ በያንዳንዱ ተልእኮ ላይ ተለይቶ መወሰን አለበት፤ ለሶማሊያው ጦር ጥያቄው ሲቀርብ አሜሪካ ስላልተስማማች፣ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ በሥራ ላይ አልዋለም። ከ60 ዓመት በኋላም ሕጉ ተጽፎ ገንዘቡ ቀርቷል።

እንግዲህ የእኛ የባለሙያዎች ድርሻ ምንድን ነው? ዲፕሎማቱ የውሳኔውን ቃል ሲያረቅቅ፣ ወታደሩ ካርታውን ሲዘረጋ፣ የሒሳብ ሰው ከጎናቸው ተቀምጦ ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል፦ ገንዘቡ ከየት ነው፣ መቼ ይደርሳል፣ ባይደርስስ ማን ይሸከመዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ዘመቻን ለማሰናከል የሚነሡ አይደሉም፤ የሚላከውን ወጣት ለመጠበቅ የሚነሡ ናቸው። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያልተሰጠበት በጀት፣ መልሱን ዝም ብሎ ሰጥቷል፤ የሚሸከመው ወታደሩና የላከው ድሀ አገር ነው። ይህን ዝምታ በመዝገብ ላይ በግልጽ ማስፈር የሙያችን ግዴታ ነው እላለሁ።