በስውር ሕግ የሚዳኝ ጨዋታ



በገበጣ ጨዋታ ጠጠሩም ሆነ ጉድጓዱ ከሁለቱ ተጋጣሚዎች ዐይን የተሰወረ አይደለም፤ የተሸነፈው ሰው የተሸነፈበትን ምክንያት ጠጠሩን ቈጥሮ ሊደርስበት ይችላል። ዛሬ ወጣቶቻችን በኢንተርኔት አማካይነት ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚወዳደሩባቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ግን እንዲህ አይደሉም። ዳኛው የሒሳብ ቀመር ነው፤ ቀመሩንም የጻፉት የእኛው ሙያ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የልጆች ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ዶታ 2 የተባለውን እንውሰድ። በዚህ ጨዋታ አንዳንድ ጀግኖች ከሚሰነዝሩት ምት 25 በመቶው ከወትሮው የበረታ እንደሚሆን ተጽፎ ይታያል። ተጫዋቹ እያንዳንዱ ምት ከአራት አንድ ዕድል አለው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ምት ዕድሉ 8.5 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በከሸፈ ቍጥር በዚያው መጠን እየጨመረ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 25 በመቶ ግድም ይደርሳል፤ ዐሥራ አንዱ ቢከሽፉ ዐሥራ ሁለተኛው የግድ ይሳካል። ከተሳካም በኋላ ቈጠራው ከመነሻው ይጀምራል። በብዙ ምት ሲታይ አማካዩ ያው 25 ነው። ዘዴው ከዋርክራፍት 3 የተወረሰ ሲሆን ዓላማውም ቅን ነው፤ ተደራራቢ ዕድል ወይም ተደራራቢ ዕድለ ቢስነት ውድድሩን እንዳያበላሽ ነው። ነገር ግን ምሥጢሩን የሚያውቅ ተጫዋች የሚከሽፉትን ምቶች በተራ ፍጡራን ላይ ከጨረሰ በኋላ፣ ዕድሉ ከፍ ባለበት ሰዓት ወደ ባላጋራው ይዞራል። የማያውቀው ደግሞ «ዕድሌ ጠመመ» ብሎ ይሄዳል። ጉድለቱ ከቀመሩ ሳይሆን 25 ብሎ ጽፎ ዝም ከማለቱ ላይ ነው።

የርቀትም ነገር አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ሲለካ ከ5000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ይህን ለማካካስ እንደ ካውንተር ስትራይክ ባሉ የተኩስ ጨዋታዎች ማእከላዊው ኮምፒዩተር ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ፣ ተኳሹ ባየው መሠረት ይፈርዳል። ከግድግዳ ጀርባ የተጠለለውም ከተጠለለ በኋላ ይሞታል! ከሁለቱ ለአንዱ መፍረድ ግድ ስለሆነ ይህን በደል ልለው አልችልም።

በደል የምለው ሌላውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ የፓተንት መብት ያገኘበት አንድ ዘዴ፣ ጀማሪውን በገንዘብ የሚሸጥ መሣሪያ ከያዘ የተካነ ተጫዋች ጋር በማጋጠም እንዲመኘው ያደርጋል፤ ከገዛም በኋላ መሣሪያው ወደሚሠምርበት ግጥሚያ ይመድበዋል። ኩባንያው በጨዋታ ላይ አላዋልኩትም ብሏል፤ ቃሉን እንቀበል። ነገር ግን ሌላ ድርጅት ቢያውለው ተጫዋቹ በምን ያውቃል? ሽንፈቱ ከእጁ ዝግመት ይሁን ከሻጩ ምደባ የሚለይበት መንገድ የለውም።

እንግዲህ በሥነ ምግባር ደንባችን እንዲጨመር የምጠይቀው አንድ አንቀጽ ነው፤ ይኸውም የውድድር ጨዋታ የሚያዘጋጅ አባል ዕድልን፣ ርቀትንና ምደባን የሚወስኑትን ሕጎች ለተጫዋቾች በጽሑፍ እንዲገልጽ ነው። የአጭበርባሪዎች መቈጣጠሪያ ስልት ይፋ ይውጣ አላልኩም፤ እርሱ ሲገለጥ ከንቱ ይሆናል። የአንቀጹ ረቂቅ ታድሏችኋል፤ ተቃውሞ ያላችሁ ከምሳ በኋላ ብታሰሙን እወዳለሁ።