ማረሻ ለምን ይዶለዱማል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማረሻችን ነው።

ማረሻ ከብረት ሠሪው ቤት ሲወጣ ረጅምና ስል ነው። የእርሻው ወራት ሲያልቅ ግን አጥሮና ዶልዱሞ እናገኘዋለን። ያ ብረት የት ገባ? ሌባ አልወሰደውም። በእርሻችን ውስጥ ተበትኖ ቀርቷል። አሸዋውና ጠጠሩ በትንሽ በትንሹ በልቶታል።

ሁለት ደረቅ ነገሮች ተነካክተው ሲንሸራተቱ ወደ ኋላ የሚይዛቸው ኃይል አለ። ስሙ ሰበቃ ነው። ከየት ይመጣል? ለዓይን ልስልስ የሚመስል ብረት በጠንካራ ማጉያ መነጽር ቢታይ እንደ አንኮበር አገር ነው፤ ጋራና ገደል የሞላበት። አንዱን ጋራማ አገር ገልብጠን በሌላው ላይ ብንደፋው የሚነካካው ጫፍና ጫፉ ብቻ ነው። ሸክሙም በጫፎቹ ላይ ያርፋል። ጫፎቹ ይያያዛሉ፤ ሲጎተቱ ይላጣሉ። መያያዙ ጉተታውን ያከብዳል፤ መላጡ ዕቃውን ይጨርሳል።

እስቲ በቤታችን እንሞክረው። አንድ ጠፍጣፋ እንጨት በገመድ አስረን እንጎትት። ከዚያ በጎኑ አቁመን እንጎትተው። ጉተታው ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ክብደቱ አልተለወጠምና። ድንጋይ ብንጭንበት ግን ይከብዳል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታውም እጥፍ ይሆናል። ይህን ፈረንሳዊው አሞንቶን በ1699 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፎታል።

የዕቃ መበላትም ሕግ አለው። ጫና ሲበዛ፣ መንገዱ ሲረዝም፣ ብረቱ ሲለሰልስ ቶሎ ያልቃል። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ማረሻ ከለስላሳ ብረት የበለጠ የሚቆየው ለዚህ ነው። የዶለዶመ ማረሻ በሬ ያደክማል፤ በጊዜው እናስቀጥቅጠው።

ታዲያ ሰበቃ ጠላታችን ነው? አይደለም። ወፍጮ ያለ ሰበቃ አይፈጭም። ሲለሰልስ የምንወቅረው ሸካራነቱን ለመመለስ ነው። ከወቀርን በኋላ ግን የመጀመሪያውን ዱቄት አንብላ። የድንጋይ ብናኝ ስላለበት ጥርሳችንን ይፈጫል።

ለጋሪ እግር ግራሶ እንቀባለን። ቅባቱ በመካከል ገብቶ ብረትና ብረት እንዳይነካካ ያደርጋል። ለፍሬን ግን ቅባት ጠላቱ ነው፤ ፍሬን የሚይዘው በሰበቃ ነውና።

በደብረ ብርሃን ብርድ እጃችንን ስናፋትግ ይሞቃል። ፍሬንም እንዲሁ ይግላል። ጣልያን በወረረን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የተቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ይዞ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ብልህ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ በዝግታ ይወርዳል።

እኛም ተሳፍረን ስንሄድ፣ «ገበያው ሊያልፈን ነው፤ ቶሎ በል!» እያልን ሹፌሩን አናጣድፍ። ገበያው በሳምንቱ ይመለሳል። ሰው ግን ገደል ከገባ አይመለስም።