ሬዲዮና ስልክ እንዴት ተገናኙ



በመገናኛ ሬዲዮ ስልክ መደወል ይቻላልን? አዎን፣ ይቻላል። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ቶማስ ካርተር የተባለ ሰው፣ ከከተማ ርቀው በነዳጅ ጉድጓድ የሚሠሩ ሰዎች በስልክ እንዲነጋገሩ ብሎ ካርተርፎን የሚባለውን መሣሪያ ሠራ። ጥሪውን በሬዲዮ የሰማው የቢሮ ሠራተኛ ስልኩን ይደውልና እጀታውን በመሣሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። ከስልኩ የሚመጣው ድምፅ ማሰራጫውን ይከፍተዋል፤ ድምፁ ሲያቆም ይዘጋል። ስለዚህ አንዱ ሲናገር ሌላው ማዳመጥ ግድ ነው።

የስልኩ ኩባንያ ግን የራሱ ያልሆነ ዕቃ ከመስመሩ ጋራ እንዳይገናኝ ከለከለ። ካርተርም ተሟገተ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ እንዲፈቀድ ወሰነ። ከዚያም በኋላ የሌሎች ሠሪዎች ስልክና ሞደም የሚገቡበት በር ተከፈተ። አማተር የሬዲዮ ሰዎችም በእጃቸው ከያዙት ሬዲዮ ቁጥሩን በድምፅ ምልክት እየላኩ ጣቢያቸው ራሱ እንዲደውል አደረጉ።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያ መሥራት የሚችል ሰው ስለ ሥራው መብት መቆምንም መቻል እንዳለበት ነው። ደግሞም ተራውን ጠብቆ የሚያዳምጥ ከሌለ ሽቦም ሆነ ሬዲዮ ሰውን ከሰው አያገናኝም።