የጢሰኛው ልጅ ጆ ሉዊስ

ወገኖቼ! ዛሬ የማወራችሁ በቡጢ ስለሚጋጠም አንድ ቦክሰኛ ነው። ስሙ ጆ ሉዊስ ይባላል። በ1906 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ሀገር ተወለደ። ወላጆቹ ድሆች ጥቁሮች ነበሩ። የሰው መሬት እያረሱ ምርቱን ለባለመሬት ያካፍሉ ነበር። ጢሰኝነት ምን እንደሆነ የሆሳዕናና የዱራሜ ገበሬ አይጠፋውም፤ እስከ 1967 ዓ.ም. አይቶታልና።

በ1927 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ትዘጋጅ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 18 ቀን፣ ጆ ሉዊስ ኒውዮርክ ላይ ከኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ ግዙፍ ነው፤ በክብደት 30 ኪሎ ያህል ይበልጠዋል። ብዙ የአሜሪካ ጥቁሮች ግን «ይህ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ግጥሚያ ነው» አሉ። ጆ ሉዊስ በ6ኛው ዙር አሸነፈ። ጥቁሮቹም እልል አሉ።

ታዲያ ቡጢ ጦር አይመልስም። መስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራው መጣ። አርበኞቻችን 5 ዓመት ተዋጉ።

ጆ ሉዊስ በ1929 ዓ.ም. የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስ 25 ጊዜ ተፈትኖ ማንም አልነጠቀውም። በ1973 ዓ.ም. አረፈ።

አያችሁ፣ በጭንቅ ቀን ባሕር ማዶ ወገን ነበረን። ይህንን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።