ሁለት መስመር፣ አንድ መውደቂያ
(ስለ ኢንተርኔት መገናኛ መንገዶች በልደታ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ስለ ኢንተርኔት መገናኛ መንገዶች እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት የየዓይነቱን ፍጥነት በሠንጠረዥ አስፍሬ ለማቅረብ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት እዚሁ ልደታ፣ በምሠራበት አነስተኛ የምሕንድስና ቢሮ የደረሰው ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ።

ቢሮአችን የሚገኘው ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ ነው። አምስት ሆነን ሁለት ወር የደከምንበትን የጨረታ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት በኩል ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ማስገባት ነበረብን። ለእንዲህ ያለው ቀን ይሆናል ብዬ፣ እኔው ራሴ መርጬ ሁለት መስመር አስገብቼ ነበር፤ አንደኛው ፋይበር፣ ሁለተኛው በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ራውተር ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ላፕቶፖቻችን በባትሪ ቢቀጥሉም የፋይበሩ መሣሪያ በዚያው ቅጽበት ቆመ። ወደ ሞባይሉ ስንዞር መስመሩ አለ፣ ነገር ግን አይራመድም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ እኛው ወደዚያው ዞሮ ነበርና። 60 ሜጋባይት የሚሆነው ሰነድ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተጎትቶ ከግማሹ ሳያልፍ ተቋረጠ። በመጨረሻ ፍላሹን ይዤ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ መብራት ወዳልጠፋበት የአንድ ባልደረባዬ ቢሮ ሮጥሁ። ገጹ ሲከፈትልኝ 8 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ሆኗል። ሥርዓቱ ተዘግቷል፤ መዘጋቱም ትክክል ነው።

የሁለት ወር ድካም ከንቱ ቀረ። ያንን ሥራ ተስፋ አድርገን የቀጠርናትን አንዲት ወጣት መሐንዲስም ከሦስት ወር በኋላ ለማሰናበት ተገደድን። እርስዋም ስትሰናበት፣ «ኢንጂነር፣ መስመሮቹ ሲገቡ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ታስቦበት ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። አልታሰበበትም ነበር። ሁለት መንገድ ገዛሁ ብዬ፣ አንድ መውደቂያ ያላቸውን ሁለት ዕቃዎች ገዝቼ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ ዛሬ እያንዳንዱን መንገድ በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በሦስት ጥያቄዎች እንመርምረው። ይኸውም፤ ከምንጩ ምን ያህል እንርቃለን? ከስንት ሰው ጋር እንጋራዋለን? የኤሌክትሪክ ኃይሉንስ ከየት ያገኛል?

በዕድሜ የሚቀድመው የመዳብ ሽቦ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የስልክ መስመር ለአገራችን የሽቦ ግንኙነት ፈር ቀዳጅ ነው። ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. ለሕዝብ አገልግሎት ሲከፈት ተጠቃሚው ዘንድ የደረሰው በዚሁ በስልክ ሽቦ ነበር። ሞደሙ እንደ ማንኛውም ሰው ቁጥር ደውሎ ይገናኛል፤ ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ 56 ሺህ ቢት በመሆኑ 10 ሜጋባይት የሆነ ሰነድ ለማውረድ ሁሉም ቢሳካ እንኳ 24 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. በዚያው ሽቦ ላይ ከሰው ድምፅ በላይ ያለውን የሞገድ ክልል ስለሚጠቀም፣ ስልክና ኢንተርኔት ባንድ ጊዜ ለመሥራት ቻሉ። ነገር ግን ከስልክ ጣቢያው በራቅን ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል፤ በጣቢያው አጠገብ በሰከንድ እስከ 24 ሚሊዮን ቢት የሚሰጠው ሽቦ አምስት ኪሎ ሜትር ሲርቅ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ሰፊ፣ ከእኛ የሚሄደው ጠባብ ነው። ሥራው ንድፍና ሰነድ መላክ የሆነ ባለሙያ ውል ሲዋዋል የሁለቱንም መጠን ለይቶ መጠየቅ ይገባዋል። መዳብ አንድ የተረሳ ደግነት ነበረው፤ ተራው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው የ48 ቮልት ባትሪ ስለሆነ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ፋይበር ይህን ደግነት አልወረሰም። እንደ ፀጉር የቀጠነው ብርጭቆ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ብርሃን ያስተላልፋል፤ ርቀትም አያስቸግረውም። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት አሠራር፣ በሰከንድ 2.5 ቢሊዮን ቢት ያህል የሚያወርድ አንድ ፋይበር ኤሌክትሪክ በማይሻ መክፈያ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኞች ይከፋፈላል። ስለሆነም መንገድ ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይበሩን አይነካውም። ኃይል የሚያስፈልገው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ አንደኛው ጫፍ ደግሞ በእኛው ግድግዳ ላይ ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። ሌላው ጠላቱ ዶማና ኤክስካቫተር ነው።

የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። የአራተኛው ትውልድ አገልግሎት በ2007 ዓ.ም.፣ የአምስተኛው ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ጥቅሙ ቁፋሮ አለመፈለጉ ነው። ነገር ግን አንድ ማማ የሚሰጠው አቅም በዙሪያው ላለው ሰው ሁሉ የጋራ ማዕድ ነው፤ ተመጋቢው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። ማማውም ቢሆን በአየር ላይ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ በስተጀርባው በፋይበር ወይም በማይክሮዌቭ ከዋናው መረብ ጋር የተያያዘ ነው።

ሳተላይት ገመድም ማማም ለማይደርስበት ሥፍራ መፍትሔ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ሳተላይት በኩል ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሚዞሩት አዳዲሶቹ ይህን መዘግየት በእጅጉ ቀንሰውታል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ወደ ዓለም ሲወጡ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች አልፈው ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይጋጠማሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ አገልግሎት በመስጠቱ ምርጫችን ሰፍቷል። ይሁን እንጂ የሁለት ኩባንያ ስም የሁለት መንገድ ማስረጃ አይደለም። ሁለቱ ገመዶች ባንድ ቱቦ ከገቡ አንድ ዶማ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ባንድ ሶኬት ከተሰኩ አንድ የመብራት መጥፋት ሁለቱንም ያቆማቸዋል።

እኛ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ገዛን። ይህ 84 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ፣ 15 ዋት የሚስበውን የፋይበር ሣጥን በስሌት ከ5 ሰዓት በላይ፣ በተግባርም ከ3 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ያኖረዋል። ሰነድም ከመዝጊያው ቀን በፊት ባለው ቀን እናስገባለን።

ለማኅበራችን ግን ከዚህ የሚበልጥ ኃላፊነት አለ። ልደታን ጨምሮ በከተማችን የሚነሡትን ሕንፃዎች የምንነድፈው እኛ ነን። በንድፎቻችን ላይ ለመገናኛ ገመዶች በተለያየ ጎን የሚገቡ ሁለት ቱቦዎችና በባትሪ የሚደገፍ አንድ ክፍል እንደ ውኃና እንደ ፍሳሽ መስመር ግዴታ ሆነው ይታዩ ዘንድ አሳስባለሁ። ሕንፃው ሳይሠራ ቱቦ መጨመር ጥቂት ብር ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስን ይጠይቃል።